ስለ ፕላስቲኩ ክንድ የታዘዝኩት ይቅርታ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የሥልጠና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

በቅድሚያ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ ለመሆኑ አይጠራጠሩ፤ ጤና ያጣ ሰው የሚመጣው እኛው ጋ ነውና።

ባለፈው ሳምንት የግሉኮስ መርፌ አገባብ ሥልጠና ሲጠናቀቅ አስተያየት ያለው ሰው እንዳለ ሲጠይቁ እጇን ያወጣችው የሕፃናት ክፍል ነርስ እኔ ነኝ። ለካ ጥያቄው የመዝጊያ ንግግርዎ ማሳመሪያ ኖሯል። የሥልጠናውን ስም ስላጎደፍሽ በጽሑፍ ይቅርታ ጠይቂ፣ አለዚያ ከአሠልጣኝነት ትነሻለሽ የሚለው ትእዛዝዎ ስለደረሰኝ፣ እነሆ በጽሑፍ እጠይቃለሁ።

1ኛ. የመለማመጃው የፕላስቲክ ክንድ ለዓመታት እዚያው ቦታ ላይ ሲወጋ ከመኖሩ የተነሣ ቀዳዳው አፉን ከፍቶ እንደሚጠብቅ፣ ሰልጣኞቻችንም ደም ሥር መፈለግን ትተው ቀዳዳ እየፈለጉ ፈተናውን እንደሚያልፉ በመናገሬ ይቅርታ። አንድም ሰው አለመውደቁ የክፍልዎ ኩራት መሆኑን ዘንግቼ ነው። እኔ ክፍል የሚተኙት ሕፃናት ግን ክንዳቸው ላይ ቀዳዳ ሳይዘጋጅላቸው ተወልደዋል።

2ኛ. ባለፈው ዙር በእጅዎ የአንደኝነት ሽልማት የሰጧት ሰልጣኝ አንዲት ሕፃን ደጋግማ ወግታ ደም ሥሯን ስታጣው፣ እናትየው ልጄን መለማመጃ አደረጋችሁብኝ ብላ መጮኋን በሥልጠናው መዝጊያ ላይ በማንሳቴ ይቅርታ። ሰልጣኟ መድኃኒት ማስቀመጫው ክፍል ገብታ ስታለቅስ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ አንድም ቀን ተሳስተሻል ያላት ሰው ስለሌለ ግን ስህተቷን የነገረቻት የሕፃኗ እናት ሆነች። በዚህ ተናድጃለሁ፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነው።

3ኛ. ክንዱ ይቀየር፣ እስኪቀየርም ልምድ ያለው ሰው ከሰልጣኙ አጠገብ ቆሞ ያየውን እዚያው ይንገረው በማለቴም ይቅርታ፤ ድፍረት ነው።

የታዘዝኩት ይቅርታ እዚህ ላይ አለቀ። የቀረው ያልታዘዝኩት ነው። ከሰኞ ጀምሮ እኔ ባለሁበት ክፍል፣ አጠገቡ ቆሜ እጁን ሳላይ ማንም ሰልጣኝ ሕፃን አይወጋም። ከአሠልጣኝነት ቢያነሱኝ እንደ ነርስ እቆማለሁ፤ ከነርስነትም ቢያነሱኝ ከአስታማሚ እናቶች ጋር በሩ ላይ ያገኙኛል። ስለ ትዕግሥትዎ፣ በተለይም እስካሁን ስላላሳዩኝ ትዕግሥት፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣
እጇን ገና ያላወረደችው
የሕፃናት ክፍል ነርስ

ግልባጭ፦
ለፕላስቲኩ ክንድ (ምንም ቢወጋ ቅሬታ ስለማያቀርብ፣ ለመረጃ ያህል)

ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር የልጅ ልጅዎ ታማ ይዘዋት የመጡ ጊዜ፣ በሩ ላይ ቆመው ሰልጣኝ የሚባል እንዳይነካት፣ እኔው ራሴ እንድወጋት አጥብቀው አዘው ነበር። ስለ ሥልጠናችን እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ እንደዚያ እጥር ምጥን ያለ አላጋጠመኝም። እርስዎ ይቅርታ የጠየቁበትን ደብዳቤ ግን እስካሁን አላየሁም።