የወንድሜ ሆድ ቴሌግራም ላይ

ኅዳር 14፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ኮኪት

ሌብነት አይደለም። ወንድሜ አስማማው ሺ ጊዜ ሌባ ቢለኝም አይደለም። እህታችን ብርቱካን ራሷ ናት ክረምት ላይ ቴሌግራሟን በኔ ስልክ ከፍታ ሳትዘጋ ጎንደር የሄደች። እሷ ሐኪምነት ትማራለች፤ እኔ ዘጠነኛን ጥየ ወጣሁ። ስለዚህ የነሱን የትምህርት ግሩፕ ሳነብ ሌባ እባላለሁ። ደብተሬ፣ አንተው ፍረድ።

የማነበው ለአስማማው ብየ ነው። ከአብደራፊ ሰሊጥ አጨዳ ሲመጣ ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሩ ክር አክሎ። ጤና ጣቢያ ጣፊያው አብጦ የደረሰበትን ሆዱ ላይ በእስክርቢቶ አስምረው፣ የወባ ክኒን ሰጥተው ሸኙት። ትኩሳቱ ተመለሰ። ሆዱን ፎቶ አንስቼ ለብርቱካን ላክሁላት።

ዓርብ፣ 15

ሆዱ ግሩፑ ላይ ወጣ። መስመሩም ይታያል፣ ብርቱካን ፊቱን ከፎቶው ቆርጣ አውጥታዋለች። ወንድሜ ነው አላለችም። «አንድ የቀን ሠራተኛ» ብላ ጻፈች። አንዱ ወባ ይላል፣ አንዱ ጉበት። አንዱ ደግሞ «ስንት ወሩ ነው?» ሌላው «መንታ ነው»። ሳቅ በሳቅ። ስልኩን ልፈጠፍጠው ነበር።

ደወልሁላት። አስተማሪው መልሱን የሚናገረው እሁድ ነው፣ ሁሉም ሳይሞክር አይናገርም፣ ደንብ ነው አለችኝ። ወንድምሽ ነው በይው አልኋት። እሱንማ አልችልም አለች። ማፈሯን ከድምጿ ሰማሁት።

አስማማው ምን አሉ አለኝ። እያጠኑህ ነው አልሁት። ሳቀ። አፍንጫው ደማ።

እሁድ፣ 17፣ ዘጠኝ ሰዓት

መልሱ ወጣ። ወባ አይደለም፣ ካላዛር የሚሉት የአሸዋ ዝንብ የሚያመጣው በሽታ ነው። ሆስፒታል ገብቶ መርፌ ካልጀመረ ይሞታል። አገር ቤት ጣፊያ በጋለ ብረት ይተኩሳሉ፣ ይህን ሰው ግን ከተኮሱት ደሙ አይቆምም ይላል። ብርቱካን ከሥሩ «ገባኝ ዶክተር፣ አመሰግናለሁ»። ወደ ቤት አልደወለችም። እደውላለሁ፣ አታነሳም።

እማየ ተኳሹን ለዛሬ ማታ ጠርታለች። ከሰሉ ደጅ ተቀምጧል። አነበብሁላት። ከትምህርት ቤት የሸሸሽው ሐኪም ሆንሽብኝ? አለች። ብርቱካን በአፏ ካልነገረችኝ አልተውም አለች። አስማማውም ደክሞት እሽ ብሏታል።

ደብተሬ፣ ካንተ ጋር ጨረስሁ። ይህን ገጽ ፎቶ አንስቼ ግሩፑ ላይ እለቀዋለሁ። በስምሽ ነው የሚወጣው ብርቱካን። አስተማሪሽም ያየዋል፣ መንታ ነው ያለውም ያየዋል። ያ ሆድ የወንድምሽ ነው። ነገ በመጀመሪያው መኪና ጎንደር አመጣዋለሁ፤ ዛሬን ግን አንቺ አትርፊው። እኔን አትሰማኝም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለእማየ ደውይላት።