አልተቃጠለም

ውድ አኩራፊዬ፣

ስልኬን እንደማታነሳ ስላወቅሁ ይኸው ብዕር አነሳሁ። ደህና ነኝ፤ እንዲያውም በደስታ የምሆነው ጠፍቶኛል። አልተቃጠለም! ልክ ነበርክ።

ያን ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ የሆነውን መቼም አልረሳውም። በስኮች ፕላስተር እየላጥን ያሳሳነው፣ ውፍረቱ ጥቂት አቶም ብቻ የሆነው ክሪስታል ላይ ሌዘር ስታበራበት የአቶሞቹ አሰላለፍ ተለወጠ፤ ኤሌክትሪክ በወጉ የማያሳልፈው ነገር እንደ ብረት ማሳለፍ ጀመረ። "ብርሃኑ ነው የለወጠው" አልክ። ፕሮፌሰሩ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው አዩና በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት "ልጄ፣ ይሄ ግኝት አይደለም፤ አቃጥለኸው ነው" አሉህ። ሰዉ ሳቀ። አንተ ወጥተህ ሄድክ፤ ሳምንት ሳይሞላ የወንድምህ ሞባይል ጥገና ሱቅ ገባህ አሉ። ለእኔ እንኳ "ደህና ሁኚ" ሳትለኝ! እሱ እስካሁን ያበግነኛል።

እኔ ደግሞ ችኮ እንደሆንኩ ታውቃለህ። ብርሃን ይሁን ሙቀት ሳልለይ የምተወው አልነበረም። ያንተን አረንጓዴ ሌዘር ኃይሉን ቀነስኩት፤ ክሪስታሉ አሁንም ተለወጠ። ያንኑ ያህል ሙቀት በቀይ ብርሃን ሰጠሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ነገሩ ሙቀት ቢሆን ኖሮ ቀለም ምን አገባው? በመጨረሻ የተለወጠውን ቀስ አድርጌ ባሞቀው ወደ ድሮ አሰላለፉ ተመለሰልኝ። የተቃጠለ ነገር መቼ ይመለሳል? እንዴት እንደጮህኩ ብታይ! ጽዳት የሚሠሩት እማማ እሳት የተነሳ መስሏቸው ባልዲ ውሃ ይዘው መጡ።

ፕሮፌሰሩ ውጤቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አገላብጠው አዩ። ከዚያ "ውጤቱን በምናሳትምበት ጽሑፍ ላይ ያንቺ ስም ይቅደም" አሉኝ።

"የሚቀድመው የእሱ ነው።"

"ጥሎን የሄደ ሰው?"

"ጥሎ አልሄደም፤ እርስዎ ነዎት ያስኬዱት።"

ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹና "በይ ጥሪልኝ፣ ይቅርታ ልጠይቀው" አሉ።

"አልጠራውም" አልኳቸው። "ሰው ፊት ነው ያዋረዱት፤ ሱቁ ድረስ ሄደው ሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቁት።"

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደንበኛ በሚበዛበት ሰዓት፣ አንድ ሽማግሌ የተበላሸ ስልክ ሳይዙ ሱቃችሁ ይገባሉ። እባክህ ጓዳ ገብተህ እንዳትደበቅ። ንግግራቸውን አስጨርሳቸው፤ ወንድምህም እንዳያቋርጥ አደራ። ወደ ላቦራቶሪው ብትመለስም ባትመለስም ያንተ ፈንታ ነው። ስምህ ግን መጀመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ለዚያ ፈቃድህን አልጠይቅም።

ናፍቀኸኛል። አብሬያቸው መጥቼ በሩ ላይ እቆማለሁ። እሳቸው ሲጨርሱ እኔም የምነግርህ አለኝ፤ የእኔ ግን ሰው ፊት አይሆንም።

ባልደረባህ