የኢሳም ኢንሻ አላህ

ልጄ ነጂባ፣ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ የወጣሽበትን ያሳካልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቤቱን ቀለም አስቀባሁት፤ የጎረቤታችን የሐዋ ጉልበትም ትንሽ ተሽሎታል። እኔ ግን ተናድጃለሁ።

የአፎቻ ማኅበራችን ሴቶች አሥራ አራት ሆነን በረመዳን መካ ለዑምራ ልንሄድ፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ቢሮ ላለው የጉዞ ወኪል ለኢሳም ከፍለን ነበር። አሁን ሳይጠይቀን ጉዞውን ከረመዳን በኋላ አደረገው። ከሐረም መስጊድ አጠገብ የነበረው ሆቴልም አውቶቡስ የሚያስፈልገው ሩቅ ቦታ ሆነ። ሐዋ በዚያ ጉልበቷ እንዴት ትሁን? «የተስማማነው በዚህ አይደለም፣ ገንዘባችንን መልስ» አልነው። ምን ቢለን ጥሩ ነው?

«እናቶቼ፣ ስትመዘገቡ እኮ በረመዳን ኢንሻ አላህ ብላችኋል። አላህ አልሻውም።»

ደሜ ፈላ። «ቲኬቱን የለወጥከው አንተ፣ የምታሳብበው በአላህ» አልኩት። ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት፤ «ረመዳን» ብሎ የጻፈው በገዛ እጁ ነው። «ውሉን የለወጠ ገንዘቡን ይመልሳል፤ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል» አልኩት።

«እሺ፣ እመልሳለሁ ኢንሻ አላህ» አለ።

«መጀመሪያ ቀኑን ጻፍ፣ ከዚያ ኢንሻ አላህ በል» አልኩት። ሰኞ ብሎ ጽፎ ፈረመ።

አላህ ሪዝቅሽን፣ ሲሳይሽን ያስፋው፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። በደወልሽ ቁጥር «እመጣለሁ ኢንሻ አላህ» ትይኛለሽ። ከእንግዲህ መጀመሪያ ወሩን ንገሪኝ።

እናትሽ ናፊያ