ዙሃይራ መንገድ ላይ የቀረችበት ጥቅምት

እማምዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቤቱ እንዳለ ነው፤ አልጋሽን ግን ለኡም ሰሚር መለስኩላቸው። ወገባቸውን እያመማቸው ሶፋው አልሆን አላቸው። መጀመሪያም የእሳቸው አልጋ ነበር፤ ለአንቺ ብለው ነው የለቀቁት።

ሮም መሃል ካለው የቪያ ኩርታቶኔ ሕንጻ ፖሊሶች ያስወጡን ጊዜ፣ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ላይ በፍራሽና በሻንጣ መሃል ተቀምጠን ሳለ ነው የመጡት። አብራችሁ ቢሮ ከማጽዳት በቀር ብዙም አትተዋወቁም ነበር። በዚያ በተሰባበረ ጣልያንኛቸው "አንዲያሞ፣ እንሂድ፣ ቤት አለ" ብለው ሻንጣሽን አነሱ። በጾም ከአገራቸው ከፍልስጤም የሚላክላቸውን የወይራ ዘይት ምስር ወጥሽ ላይ እያፈሰስሽ፣ ይሄ መድኃኒት ነው ስትዪ አሁንም ይታየኛል።

ያኔ የመከርሽኝን አልረሳሁም። የሰው አገር ነው፣ አንገትሽን ደፍተሽ ኑሪ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ ፔርሜሶሽን ጠብቂ አልሽኝ። ዛሬ የምጽፍልሽ ይህን ቃልሽን ያፈረስኩበትን ቀን ልነግርሽ ነው።

ዘይቱን ትልክ የነበረችውን እህታቸውን ዙሃይራን ታስታውሻታለሽ፤ በስልክ ባየችሽ ቁጥር "ሐበሻዋ እንዴት ናት?" የምትለዋን። ኩላሊቷ ታሞ በሳምንት ሦስት ቀን ደሟን ለማሳጠብ ዌስት ባንክ ካለው መንደሯ ወደ ከተማ ትመላለስ ነበር። በመሃል የወታደሮች ኬላ አለ። ባለፈው ጥቅምት ኬላው ተዘጋ። ልጇ የሕክምና ወረቀቷን ከፍ አድርጋ እያሳየች ለመነች፤ ተመለሱ ተባሉ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ሲከፈት ዙሃይራ መኪና ውስጥ ተራ እየጠበቀች አረፈች።

ኡም ሰሚር ለቅሶ አልደረሱም። ለመግባት ፈቃድ ይጠየቃል፣ ያውም በተወለዱበት መንደር። ፈቃዱ አልመጣም።

በኋላ ቲቡርቲና አጠገብ ባለ የደብር አዳራሽ ስለ ፍልስጤም ሰላማዊ ሰዎች መብት ስብሰባ ተጠራና እንዲናገሩ ጠየቋቸው። እሳቸው ነገሩኝ፣ እኔ በጣልያንኛ ጻፍኩት። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ጽሑፉን ወደ እኔ ገፉት። አንቺ አንብቢልኝ አሉኝ።

እማምዬ፣ በጣም ፈራሁ። የዜግነት፣ የቺታዲናንሳ ማመልከቻዬ ገና አልተወሰነም፤ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ነበሩ። አልችልም ልላቸው ዞር ስል እጃቸውን አየሁ። የዙሃይራን የሕክምና ወረቀት አሳትመው ይዘዋል። ተነሳሁና አነበብኩ።

ስጨርስ አንድ ሰውዬ እጁን አውጥቶ፣ ታዲያ ለምን በሌላ መንገድ አልሄዱም ብሎ ጠየቀ። በክፋት አልመሰለኝም፤ ስላላወቀ ነው። ኡም ሰሚር ወንበሩን ተደግፈው ተነሱ።

"ያንን መንገድ የጠረገው አባቴ ነው" አሉት። "ሌላ መንገድ ከየት ላምጣልህ?"

ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የተለወጠ ነገር አለ ብዬ አልዋሽሽም። የስብሰባው አዘጋጆች ምስክርነቱን ከሌሎች ጋር አያይዘው ለጣልያን ፓርላማ ላኩት፤ መልስ አልመጣም። ኬላው እዚያው ነው። የዙሃይራ ልጅ ግን ጽሑፉን ወደ አረብኛ አስተርጉማ ለመንደሯ ሰዎች አነበበችላቸው፤ አሁን የሌሎቹንም እየጠየቀች ትጽፋለች።

የእኛ መባረርና የእነሱ ኑሮ አንድ ነው አልልሽም። እኛን ያስወጡን ከሰው ሕንጻ ነው፤ እነሱ የታገዱት በገዛ መሬታቸው ላይ ነው። ወረቀት ይዞ ወታደር ፊት መለመን ምን እንደሚመስል ግን አንቺም እኔም በትንሹ እናውቃለን። ዝም በይ ያልሽኝ ፈርተሽልኝ እንጂ ልብሽ ደንድኖ እንዳልነበር አውቃለሁ። ይቅር በይኝ። ግን ነገም ቢሆን ተነስቼ አነብባለሁ።

ለሁለተኛ ዓመት መታሰቢያሽ ኡም ሰሚር አብሬሽ ቤተ ክርስቲያን እመጣለሁ ብለውኛል። ነጠላሽን አለብሳቸዋለሁ። ካህኑ የክርስትና ስምሽን ሲጠሩ፣ እኔ በከንፈሬ ዙሃይራ እላለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ሁለታችሁን ነጥዬ አልጠራም።

ልጅሽ ትዕግሥት