እማማ ጉልበታቸውን ተሻላቸው?

ጃብሪያ፣ ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለስደት እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ኮሮናው ከደጅሽ ርቆልሻል? ሳሉስ ለቀቀሽ? እማማ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ ለክፉ አይሰጠኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስልክሽን ዘግተሽብኛልና ይህን ወረቀት የቤቱ ሹፌር ጁማ ያደርስልሻል።

ጉልበት የሚለው ላይ ስትደርሺ እንደሳቅሽ አውቃለሁ። ያኔ ሁሉ ነገር ሲዘጋ፣ እዚሁ ማዳም ቤት አብረን ሆነን እዚህ ዓረብ አገር ለሚሠሩ የአገራችን ሴቶች እየደወልን ስንሸውዳቸው፣ መክፈቻችን ይሄው ሰላምታ አልነበር? ጉልበቷን የማያማት እናት የት አለች! ልጅቷ ‘ቤታችንን የምታውቅ የአገሬ ሰው ናት’ ብላ ታምናለች። ከዚያ እኔ ‘ሆስፒታል ወድቄያለሁ’ ብዬ አለቅሳለሁ፤ አንቺ ነርስ ሆነሽ ስልኩን ከእጄ ትቀበዪና ‘መታከሚያ ላኪላት’ ትያታለሽ። ጉልበቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ልቅሶውም የኔ ነበር።

ባለፈው ዓርብ ፊንጣስ ሰፈር ባለው ጸሎት ቤታችሁ ስለ ስልክ ሌቦች ያስተማርሽው በድምፅ ተቀድቶ ደረሰኝ። አንድ የገንዘብ መላኪያ ሱቅም የማጭበርበር መከላከል አማካሪ አድርጎ ቀጥሮሻል፤ አንገትሽ ላይ መታወቂያ አንጠልጥለሻል አሉ። ከጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው ይባላል፤ ያንቺም መዝሙር እንዲያው ነበር።

‘ሰላምታ የሚያረዝም ደዋይ ሌባ ነው፤ ጭንቅ የያዘው ሰው ሰላም ማለቱንም ይረሳል’ አልሽ። ደግ። ቀጥለሽ ‘ይህን ሁሉ ያደረግሁት ብቻዬን ነው’ ብለሽ ተናዘዝሽ፤ ሴቶቹም እልል አሉልሽ። ብቻሽን? እኔ ኩሽና ቆሜ ዓይኔ እስኪያብጥ ያለቀስኩት ለማን ኖሯል? አብራኝ የምትሠራው መሕቡባ ‘አንቺን ላለማስያዝ ብላ እኮ ነው’ ትለኛለች። ለኔ አይገባኝም። ምስጋናውን ለብቻሽ ወሰድሽ፤ ኃጢአቱን እንኳ አላካፈልሽኝም።

ከሁሉ ያቃጠለችኝ ያቺ የጸሎት ቤታችሁ ልጅ ሊድያ ናት። ለማሳያ ብለሽ የኔን ቦታ ሰጥተሽ ታስለቅሻታለሽ። ምን ዓይነት ልቅሶ ነው እሱ? ዓረፍተ ነገሯን አሳምራ ጨርሳ ነው እንባ የምትፈልገው። ደግሞ ‘ጎበዝ፣ የኔ እህት’ ስትያት ሰማሁ። እንዲያ የምትዪው እኔን ነበር። አዎ፣ ቀንቻለሁ። ጥርሴን ነክሼ ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት። በመጪው ዓርብ ስሜን ካልጠራሽ፣ ራሴ መጥቼ እዚያው እናገራለሁ።

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፤ እንጀራሽን ያስፋልሽ፤ ለሊድያም እንባ ይስጣት።

የስደት እህትሽ

ኅዳር 15

ጁማ ገና አልወጣም። የላይኛውን ተዪው። ዓርብም አልመጣም።

አሁን ታናሽ ወንድሜ ከአገር ደወለ። እንዴት ነሽ አላለኝም። ‘አጠገብሽ ሰው አለ?’ አለኝ። ከመስቀል ወዲህ አልደወልኩላቸውም ነበርና፣ ነገሩም ጨንቆኝ፣ ‘እማዬ ጉልበቷን ተሻላት?’ አልኩት። ‘እማዬማ...’ ብሎ ማልቀስ ጀመረ፤ ቃሉን አልጨረሰውም። ስልኩም ተዘጋ።

ድምፁ የሱ ነው። ግን ዘንድሮ ድምፅ አይታመንም፤ አንቺው ነሽ ያስተማርሽው። ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። አንቺ ትለዪዋለሽ። ደውዪለትና ሌባ ነው በይኝ።

እህትሽ