አባባ የሠራው ፍሊምበል

ለውድ ወንድሜ ለዊልፍ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ የአውስትራሊያ ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? የፔጊ ጉልበትስ ተሻላት? እኛ አሁን ደህና ነን። ክረምቱ ግን በአባባ ከብዶብን ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሰው ፊት አልበላም ብሎ ሳህኑን ይዞ ጓዳ ይገባ ነበር። እማማ ላጉርስህ ብትለው፣ «አርባ ዓመት ማንኪያ የሠራሁ ሰውዬ እንደ ሕፃን ልጎረስ?» ብሎ ጮኸባት። ስንት ቀን አለቀስኩ መሰለህ።

አሁን ግን ጉድ ልንገርህ! አባባ በጉብዝናው ዘመን የፈጠራት «ፍሊምበል» የምትል ቃል ትዝ ትልሃለች? ማንኪያ ፋብሪካው አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር «ሂድና ፍሊምበል አምጣ» ተብሎ የሌለ ዕቃ ፍለጋ ከክፍል ክፍል ሲንከራተት የሚሳቅባት። ማንኪያ የምንወለውልበት ክፍል ዛሬም አልተዋትም። ማክሰኞ ዕለት ሜብል የምትባል አርባ ዓመት የሞላት ሴት ከባርንስሊ ከተማ መጥታ ተቀጠረች፤ እሷንም ላኳት። አንጥረኞቹ ወደ መጋዘን፣ መጋዘኑ ወደ ማሸጊያ ሲያመላልሷት ዋሉ። በመጨረሻ አንዱ ነገረኛ፣ «እሱን የሚያውቀው ሽማግሌው ኤኖክ ነው» ብሎ ቤታችን ድረስ ሰደዳት።

አባባ እያፈረ እውነቱን ነገራት። እሷ ግን ወገቧን ይዛ፣ «ይሳቁ! እኔ እንደሆነ ባዶ እጄን አልመለስም። ቃሉን ያመጡት እርስዎ ነዎት አሉ፤ በሉ ዕቃውንም ይሥሩልኝ!» አለችው። ከሥራ ስገባ ከገና ወዲህ ያልነካውን ሞረድ ይዞ ጓሮ አገኘሁት፤ እሷ አንድ ማንኪያ አጥብቃ ይዛለታለች። ጎድጓዳ ነው፤ ጫፉ ላይ ሦስት አጫጭር የሹካ ጥርስ አለው፣ እጀታው በገመድ ተጠቅልሎ ወፍሯል።

«እስቲ ይሞክሩት» ብላ እየጎተተች ገበታ አቀረበችው። እማማ ሥጋና አተር አወጣች። ሁለት ፍሬ አተር ሲወድቅበት ሜብል፣ «እሱ የድመቷ ድርሻ ነው፤ ይብሉ!» አለች። አባባ ሳቀ፣ ዊልፍ! ሳህኑን ጠርጎ በላ። ስትሄድ ማንኪያውን ብትጠይቀው፣ «ይሄማ የኔ ነው፤ ነገ መጥተሽ ያንቺን እንሠራለን» አላት። ሐሙስ ጠዋት ፋብሪካ የራሷን ፍሊምበል ጠረጴዛው ላይ ጧ! ስታደርገው የላኳት ሁሉ ሥራቸውን ጥለው ሊያዩት ተሻሙ።

«ለመሆኑ ቃሉ ምን ማለት ነው?» ብላ ሜብል አባባን ጠይቃው ነበር። «ሠላሳ ዓመት ምንም ማለት አልነበረም» አላት፤ «ከዛሬ ጀምሮ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ከሰው ጋር የሚበላበት ማለት ነው።»

ፔጊን እቀፍልኝ፤ ትንሿን ሱዛንና ቶሚን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እማማ ሹራብህን ጨርሳለች። አባባም ይህን ስጽፍ ከጎኔ ገበታው ራስ ላይ ተቀምጦ እራቱን እየበላ ነው፤ ሰላም በይልኝ ብሎኛል።

እህትህ ኦሊቭ
ሸፊልድ፣ ማርች 7 ቀን 1954