ጅራቱን የቀየርኩት ድምፅ

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ከቀኑ 7 ሰዓት።
ምሳ በላን። ሌሎቹ አጫጆች በሣር ዳሱ፣ በራኩባው ጥላ ሥር ተዘርረዋል፤ እኔ እጽፋለሁ። ደብተሬ፣ ዕድለኛ ነሽ። ከገዳሪፍ እስከ ኸሽም ኤል ቂርባ ሰሊጥ ከሚያጭደው ሁሉ እንደ እኔ የሚጽፍ የለም። የማታ ት/ቤቱን በስድስት ወር ጨረስኩ። ፊደል ብቻ አይደለም፣ ኤቢሲዲም ጭምር!
ዛሬ ግን ቁም ነገር አለ። ባለቤቴ አስካለ ከድንበሩ ማዶ፣ ከመተማ ወዲያ፣ አገር ቤት ሽማግሌ ሰብስባለች። ሁለት ዓመት ሙሉ መጣሁ እያልኩ ስለቀረሁ፣ ወይ ይምጣ ወይ ይፍታኝ ብላለች። ሽማግሌዎቹ ቃሌን ከራሴ አፍ መስማት ይፈልጋሉ። እዚያ ኔትወርክ የለም። የሎሪ ሹፌሩ አያ ደሴ መላ አመጣ፤ ድምፄን ቀድቼ በሚሞሪ ካርድ እንድሰጠው። አጎቷ ካርድ የሚገባበት ራዲዮ አላቸው። ኤም ፒ ስሪ የሚባለው ዓይነት ፋይል ካልሆነ ግን ራዲዮው አያነብም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2።
ቀዳሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ! ስልኬ ከፋይሉ ስም መጨረሻ ነጥብ አድርጎ ኤም ፎር ኤ ብሎ ጻፈበት። ማንበብ ታዲያ ለመቼ ነው? "ስም ቀይር" የሚለውን ነካሁ፣ ጅራቱን ቆርጬ ኤም ፒ ስሪ ቀጠልኩለት። ፋይሉ ላይሠራ ይችላል ብሎ አስጠነቀቀኝ። ስልክ ያስተምረኛል እንዴ? እሺ አልኩት። ከፈትኩት፣ ጥርት ብሎ ሠራ። ዘፈን ያለበት ካርዴ ላይ ጫንኩት። ኸላስ፣ አለቀ። አያ ደሴ ወሰደው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8።
አያ ደሴ ተመለሰ። ፊቱ ጥሩ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ አስካለ አንገቷን ደፍታ፣ ካርዱ ሲገባ ራዲዮው የእኔን ድምፅ ዘለለና የሠርግ እስክስታ ለቀቀ። የራሴን ዘፈን! አጎቷ፣ እርቅ ላይ ጭፈራ ላከብን፣ ናቀን ብለው ተነሡ። እስከ እሑድ ሌላ ቃል ካልመጣ ትዳሩ ይፈርሳል።
መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ እስከ እሑድ ስንት ቀን እንደቀረ በጣቴ ቆጠርኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከጠዋቱ 4 ሰዓት።
ገዳሪፍ ገበያ። ስልክ የምትጠግነው ለተብርሃን፣ ከትግራይ መጥታ የስደተኛ መጠለያው ውስጥ የምትኖር፣ ፋይሉን አይታ ሳቀች። "ሓወይ፣ ወንድሜ፣ በማሽላ ጆንያ ላይ ሰሊጥ ብለህ ብትጽፍ፣ ውስጡ ሰሊጥ ይሆናል?"
ስልኬ ጆንያውን ፈትቶ አይቶ ነው ያጫወተው አለች፤ የአጎትየው ራዲዮ ግን ማሽላ አያውቅም። ኮምፒውተሯ ላይ መቀየሪያውን ከፍታ፣ ኤም ፒ ስሪ መርጣ፣ እንደ አዲስ አስቀመጠችው። ዋናውን አትደምስስ፣ በተቀየረ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል አለችኝ። በራሷ ራዲዮ ሞከረችው።
ሠራ። ምነው ባልሠራ! ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ እንዴት ማንበብ እንደቻልኩ እተርካለሁ፤ መ/ሩን እንኳ እንዴት እንዳረምኩት። ስለ አስካለ መጨረሻ ላይ፣ ያውም እየሳቅሁ።
ለተብርሃን አስካለ ማናት አለች። ሚስቴ አልኳት። ካርዱን ከራዲዮው አወጣች።
እንደገና ቀዳሁ። አርባ ሰከንድ። እሷም ቀየረችው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ጠዋት።
እጨዳው አላለቀም፤ አለቃችን ይጮሃል። ይጩህ። ሎሪው ተጭኗል። አዲስ ካርድ ኪሴ ውስጥ፣ ዘፈን የሌለበት። አያ ደሴ ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። ከጆንያው ላይ ቦታ አለ ወይ አልኩት። ውጣ፣ አንተ ወሬኛ አለኝ።
አስካለ ፊት አፌ ቢተሳሰር፣ ካርዱን ራዲዮው ውስጥ እከተዋለሁ። ካልተሳሰረ ደግሞ
ጥሩምባ ነፋ። ልውጣ፣